በቆላው መንገድ የመጡት መምህር
(የፕሮፌሰር ዮሴፍ ሃሌቪ የሕይወት ታሪክ)



የምዕራብ ጎንደር ቆላ በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ከጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከቋራ ተነሡ፤ ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ደግሞ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ። ይህን ታሪክ ከአባቶቻችን እየሰማን ስላደግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በዚሁ የሱዳን ጠረፍ ቆላ፣ ጦር ሳያስከትሉ፣ ሸቀጥም ሳይጭኑ፣ የአንድ ሕዝብ ጸሎትና በዓል እንዴት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ብቻ በረሃውን አቋርጠው የመጡ አንድ የተማሩ ሰው ነበሩ። ስማቸው ዮሴፍ ሃሌቪ ይባላል። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የገነነ ሲሆን፣ እግራቸው በረገጠው አገር ግን የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ስለሆነ የሕይወታቸውን ታሪክ ለመጻፍ ተነሥተናል።

ዮሴፍ ሃሌቪ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1827 በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርኮች ግዛት ውስጥ በነበረችው በአድሪያኖፕል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ከተማይቱ ዛሬ ኤድርኔ ትባላለች። በወጣትነታቸው በዚያው በተወለዱበት ከተማ በአይሁድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ፤ ከዚያም ወደ ቡካሬስት ሄደው በማስተማር ሥራቸው ቀጠሉ። ዕብራይስጥ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን እርሳቸው ግጥም ይጽፉበት ነበር። ለቋንቋ የነበራቸው ፍቅር ከዕብራይስጥ አልፎ ወደ ዐረብኛና ወደ ግዕዝ ወሰዳቸው። እኛ ስናስበው ግዕዝ ባያውቁ ኖሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚልካቸው ባልተገኘም፣ ቢላኩም ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ነበር።

ለመሆኑ ማን ላካቸው? ለምንስ ተላኩ? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በጎንደር፣ በደምቢያ፣ በሰሜን፣ በወልቃይት፣ በአርማጭሆና በቋራ የኦሪትን ሕግ ጠብቀው የሚኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ሌላው ሰው ፈላሻ ይላቸዋል፤ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን ቤተ እስራኤል ብለው ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው እነርሱ በመረጡት ስም ነው። ርስት ስላልነበራቸው የሚበዙት በሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩና ሸማ እየሸመኑ ይኖሩ ነበር። የገበሬው ማረሻ፣ የወታደሩ ጦር፣ የእመቤቲቱ ድስት ከእነርሱ እጅ የሚወጣ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሙያቸው ምስጋና በማግኘት ፈንታ ቡዳ የሚል ስም ወጣላቸው። ይህ ስም ማጥፋት እንጂ ሌላ አይደለም።

በ1852 ዓ.ም. ገደማ ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ በካርቱምና በመተማ በኩል አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይህ ሰው በትውልዱ አይሁዳዊ ሲሆን በኋላ የፕሮቴስታንት እምነት ተቀብሎ፣ አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት በለንደን በተቋቋመ ማኅበር የተላከ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ለቤተ እስራኤል እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ ነገር ግን የሚያምን ቢኖር የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ወሰኑ። በቤተ እስራኤል ዘንድ ከዚህ የተነሣ ትልቅ ጭንቀት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማኅሪ የሚባሉ መነኩሴያቸው የመዳን ጊዜ ደርሷል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። እንደ ሙሴ ዘመን ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ጉዞው ግን ከትግራይ አላለፈም፤ ብዙዎቹ በረኃብና በበሽታ በመንገድ ቀሩ።

የሚስዮናዊው ወሬ በአውሮፓ ሲሰማ እዚያ ያሉት አይሁድ ደነገጡ። እ.ኤ.አ. በ1864 ረቢ አዝሪኤል ሂልደስሃይመር የሚባሉ በኦስትሪያ ግዛት የነበሩ መምህር፣ በኢትዮጵያ ያሉትን ወገኖቻችንን ሳይጠፉ እንርዳቸው የሚል ጥሪ በጋዜጣ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1860 በፓሪስ የተቋቋመው አሊያንስ ኢዝራኤሊት ዩኒቨርሴል የተባለው የአይሁድ ማኅበርም ነገሩን በዓይኑ አይቶ የሚመጣ ሰው ፈለገ። ከአውሮፓ አይሁድ ወገን ስለ ቤተ እስራኤል መጥቶ የጠየቀ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም። ዮሴፍ ሃሌቪም ይህን ሥራ ተቀበሉ። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ 40 ዓመት ገደማ ነበር።

የተነሡበት ጊዜ ግን ክፉ ጊዜ ነበር። ዘመኑ 1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የእንግሊዝ ጦር በዙላ በኩል ከባሕር ወጥቶ ወደ መቅደላ በመገሥገሥ ላይ ነበር፤ ከታሳሪዎቹም አንዱ ያው ሄንሪ ስተርን ነው። በደጋው መንገድ ነጭ ሰው ብቻውን ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ሃሌቪ ምጽዋ ከወረዱ በኋላ በከረን አድርገው ወደ ምዕራብ ወደ ከሰላ አቀኑ፤ ከዚያም በሱዳን ጠረፍ ቆላ ወደ ቃብትያና ወደ ወልቃይት፣ ቀጥሎም ወደ አርማጭሆ ገቡ።

ይህን ቆላ ለምናውቀው ሰዎች መንገዱ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም። ፀሐዩ፣ ጥሙ፣ በክረምት መግቢያና መውጫ የሚነሣው ንዳድ፣ መረሬው መሬት ሲረጥብ እግር የሚይዘው ሁሉ ዛሬም አለ። በዚያ ዘመን ደግሞ ጠረፉ የጠራ ገዢ አልነበረውም። በመተማ በኩል ተክሩሮች በራሳቸው ሼኽ እየተዳደሩ ቡናና ጥጥ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ፣ ከዚያም አልፎ ባሮች የሚሸጡበትን ትልቅ ገበያ ይዘው ነበር። ከግብፅ ገዢ በኩል ጦር አለ፤ ከደጋው በኩል ሽፍታ አለ። እንግዳ ሰው ሲታይ ሰላይ ነው ወይም የመንግሥት መልእክተኛ ነው ይባላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መንገዱ አልነበረም። ሃሌቪ የቤተ እስራኤል መንደር ሲደርሱ ያጋጠማቸውን ነገር በኋላ በጉዞ ታሪካቸው ጽፈውታል። የመንደሩ ሰዎች ነጭ ሰው ባዩ ጊዜ ሌላ ሚስዮናዊ መጣብን ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ። በቤተ እስራኤል ዘንድ አትንኩኝ የሚባል ሥርዓት ስለነበረ እንግዳ ሰው ወደ ቤታቸው ሊገባ፣ ዕቃቸውንም ሊነካ አይችልም፤ ነክቶ ቢገኝ በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። ሃሌቪ እኔም እንደ እናንተ የኦሪት ልጅ ነኝ ቢሉ ማን ይመናቸው? በዓለም ላይ ከእነርሱ በቀር የሙሴን ሕግ የሚጠብቅ ሌላ ሕዝብ መኖሩን ብዙዎቹ አልሰሙም ነበር። ነጭ ቤተ እስራኤል አለ ማለት ለእነርሱ የማይታመን ነገር ነው፤ የሚሣለቅባቸው መሰላቸው።

በሩን የከፈተው አንድ ስም ነው። ሃሌቪ በንግግራቸው መካከል ኢየሩሳሌምን ባነሡ ጊዜ የሰዎቹ ፊት ተለወጠ። አይተሃታል ወይ፣ ጽዮን ዛሬ እንዴት ናት፣ ቤተ መቅደሱስ እያሉ በጥያቄ አጣደፏቸው። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ሁሉ በአንድ ቀን ባይጠፋም አብረዋቸው ለመቀመጥ፣ ካህናቱንም ለመጠየቅ ቻሉ። አባ ማኅሪን ተከትለው የወጡት ሰዎች ካለቁ ገና ስድስት ዓመት እንዳልሞላ ስናስታውስ፣ ያ ስም በእነዚያ ሰዎች ልብ ምን ያህል የቆሰለ ቦታ እንደነካ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ሃሌቪ ምን አዩ? በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የቤተ እስራኤልን ሥርዓተ አምልኮ ከቅርብ ሆነን ብዙ የማናውቀው እኛ ነን።

የጸሎት ቤታቸው መስጊድ ይባላል፤ መስገጃ ማለት ነው። በአጠገቡ የመሥዋዕት ቦታ ነበረ፤ በኦሪት እንደ ተጻፈው በግ ያርዱበት ነበር። በሌላው ዓለም ያሉት አይሁድ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ እ.ኤ.አ. ከ70 ወዲህ መሥዋዕት ስለ ተዉ፣ ይህ ነገር ለሃሌቪ ከመጽሐፍ ገጽ ተነሥቶ የቆመ ያህል ነበር። በካህናቱ ላይ ደግሞ መነኮሳት ነበሩ። አይሁድ ከመሆን ጋር ምንኩስና መኖሩ ለአውሮፓ ሰው እንግዳ ነው፤ በቤተ እስራኤል ግን በ15ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአባ ሰብራ ጀምሮ የወረደ ሥርዓት ነው፤ ታላቁ ገዳማቸውም በአርማጭሆ ሆኃርዋ በተባለው ቦታ ነበር። ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ እንጂ በዚያን ጊዜ ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ታልሙድ የሚባለውን የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ አልሰሙም ነበር፤ ሐኑካ የሚባለውንም በዓል አያከብሩም ነበር።

ሰንበት በእነርሱ ዘንድ ከበዓላት ሁሉ በላይ ናት። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሥራ ያቆማሉ፤ ወንዝ ወርደው ገላቸውንና ልብሳቸውን ያጥባሉ፤ ምግቡ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ እስከ ቅዳሜ ማታም አይነድም። በደጋ ብርድ ይኖሩ ለነበሩት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ካህናቱ የሰንበቱን ዳቦ ባርከው ለሕዝቡ ያካፍላሉ። ሰባተኛዋ ሰንበት ደግሞ የሰንበት ሰንበት ተብላ ከሌሎቹ ይልቅ ትከበራለች።

የዓመቱ በዓላት የሚቆጠሩት በጨረቃ ነው። በመጀመሪያው ወር ፋሲካ ይሆናል፤ እርሾ የነካ ነገር ሁሉ ከቤት ወጥቶ፣ በ14ኛው ቀን ማታ በጉ ይታረድ ነበር፤ ሰባት ቀንም ቂጣ ይበላል። ከዚያ የመከር በዓል የሆነው ማዕረር ይከተላል። በሰባተኛው ወር መባቻ ብርሃነ ሠረቀ፣ በ10ኛው ቀን ታላቁ የጾምና የንስሐ ቀን አስተስርዮ፣ በ15ኛው ቀን በዓለ መጸለት ይከበራል። ከአስተስርዮ በኋላ 50 ቀን ቆጥረው በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን ስግድን ያከብራሉ። ስግድ ከሌላው ዓለም አይሁድ ዘንድ የማይገኝ የቤተ እስራኤል ብቻ የሆነ በዓል ነው። ሕዝቡ ጾሞ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ትሕትናውን ለማሳየት ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ካህናቱ ከኦሪትና ከመጽሐፈ ነህምያ ያነባሉ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይሰግዳል። ማታ ከተራራው ሲወርዱ ጾሙ ተፈትቶ ደስታ ይሆናል።

ሃሌቪ እስከ ጎንደር ለመድረስ አስበው ነበር፤ አገሩ በጦርነት ስለ ታወከ ግን አልተሳካላቸውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ሃሌቪም ከቤተ እስራኤል ያገኟቸውን የግዕዝ ጽሑፎች ይዘው በመጡበት በቆላው መንገድ ተመለሱ። በአውሮፓ አስተምረው ወደ ወገኖቹ ሊመልሱት ያሰቡትን አንድ ወጣትም ይዘው ወጥተው ነበር፤ ይህ ሐሳባቸው ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ፓሪስ ደርሰው ለማኅበሩ ያቀረቡት ቃል ግልጽ ነበር። እነዚህ ሰዎች በእውነት የአይሁድ እምነት ያላቸው ናቸው፤ በጸሎታቸው የጸኑ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ይከፈትላቸው፤ ካልተረዱ ይጠፋሉ የሚል ነበር። ማኅበሩ ግን ምንም ሳያደርግ ቀረ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አገሩም በጦርነት ታውኳል የሚል ምክንያት አይታጣም፤ ያም ሆኖ ሰውን ሞት ወዳለበት በረሃ ልኮ፣ የተላከውም አይቶ ሲመለስ የነገረውን አለመስማት ለምን ላኩት ያሰኛል። ጽሑፉ ተቀመጠ። ከ35 ዓመት በላይ ተቀመጠ።

በእነዚያ ዓመታት በዚህ አገር የሆነውን እናውቃለን። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በመተማ በኩል ገብተው ጎንደርን አቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ገደሉ፣ ብዙውንም ማርከው ወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት የመተማ ጦርነት ሆነ። በዚያው ሰሞን ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ አንበጣና ድርቅ ተጨመረበት፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ቤተ እስራኤልም አለቀ። መሬት የሌለው ሰው ግን በረኃብ ጊዜ ቀድሞ ይሞታል፤ የቤተ እስራኤል ብዙ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ምንኩስናቸውም ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞ ኃይሉ አልተመለሰም።

ሃሌቪ በዚህ መካከል ዝም ብለው አልተቀመጡም። በኢትዮጵያ ጉዟቸው የተደነቀው የፈረንሳይ የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1869 የጥንት የሳባ ጽሑፎችን እንዲፈልጉ ወደ የመን ላካቸው። ከኢየሩሳሌም የመጣ ድኻ ረቢ መስለው በእግር እየተጓዙ እስከ ናጅራንና እስከ ማሪብ ደረሱ፤ ከ600 በላይ የድንጋይ ጽሑፎችንም ይዘው ተመለሱ። የእኛ የግዕዝ ፊደል ዘመዱ ያ የሳባ ፊደል ስለሆነ ይህ ሥራቸውም እኛን ይመለከታል። ነገር ግን አንድ የማይደበቅ ነገር አለ። በዚያ ጉዞ መንገድ የመራቸውና ጽሑፎቹን በመቅዳት የረዳቸው ሐይም ሐብሹሽ የሚባል የሰንዓ አይሁዳዊ መዳብ ሠሪ ነበር፤ ሃሌቪ ግን በጽሑፋቸው ለእርሱ የሚገባውን ቦታ አልሰጡትም። ሐብሹሽ ከብዙ ዓመት በኋላ የጉዞውን ታሪክ በራሱ እጅ ጻፈው። ታላቅ ሰው ሁሉ ጉድለት አለበት ብለን ብናልፈው እንኳ፣ ሐብሹሽም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሊጠራ የሚገባው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1879 ሃሌቪ በፓሪስ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም የግዕዝ መምህር ሆኑ። ከሊቃውንት ጋር ብዙ ተከራክረዋል፤ የሱመር ቋንቋ የሚባል ሕዝብ የተናገረው ቋንቋ አልነበረም፣ የካህናት የምሥጢር አጻጻፍ ነው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟግተው በዚህ ተሸንፈዋል። እኛ ግን ከሥራቸው ሁሉ የምናስበልጠው በቆላ ካገኟቸው ሰዎች ያመጡትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ቤተ እስራኤል ስለሚናገሩት የአገው ቋንቋ ጽሑፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1877 የቤተ እስራኤልን ጸሎት ግዕዙን ከዕብራይስጥ ትርጉም ጋር አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ ሲወጣ በልዩ ልዩ አገር የተበተኑ አይሁድ፣ ኖረው የማያውቋቸው ወንድሞቻቸው ምን ብለው እንደሚጸልዩ በሚያውቁት ቋንቋ ለማንበብ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ ስለ ሰንበት ክብር የሚናገረውን ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን የቤተ እስራኤል መጽሐፍ አሳተሙ።

የእርሳቸው ትልቁ ዕድል ግን አንድ ተማሪ ማግኘታቸው ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል በፖላንድ ሎጅ ከተማ የተወለደ ወጣት ከእርሳቸው ዘንድ ግዕዝና አማርኛ ሲማር ስለ ቤተ እስራኤል ሰማ፤ ነገሩም እንደ እሳት ያዘው። ሽማግሌው መምህር ሄደው የተመለሱበትን መንገድ ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ጀመረው። ሲመለስም ታምራት አማኑኤልንና ሌላ አንድ ወጣት ለትምህርት ወደ ፓሪስ ወሰደ። አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሐይም ናሁም የሚባሉ ረቢ ልኮ እንደገና አስጠየቀ፤ እርሳቸውም ሕዝቡ ጥቂት ነው፣ ትምህርት ቤትም አያስፈልግም ወደሚለው ያዘነበለ ቃል ይዘው ተመለሱ። ፋይትሎቪች ግን ማኅበሩን ሳይጠብቅ ከሌሎች ገንዘብ እየለመነ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሃሌቪ ትምህርት ቤት ይከፈት ካሉ 55 ዓመት ሆኖት ነበር።

እርሳቸው ይህን አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1917፣ ዓለም በጦርነት እየነደደ ሳለ፣ በ89 ዓመታቸው በፓሪስ አረፉ።

እርሳቸው የገቡበት የቆላ መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቤተ እስራኤል የሚወጡበት መንገድ ሆነ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በአርማጭሆና በመተማ አካባቢ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ የስደተኞች ሠፈር ገቡ፤ ከዚያም ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሠፈሩ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። የቋራ ቤተ እስራኤል ደግሞ የሄዱት ኋላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስግድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሲሆን፣ በዚያ ቀን ካህናቱ ጃንጥላ ይዘው ኢየሩሳሌምን ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ቆመው፣ ሃሌቪ በቆላ መንደር ባገኙት በዚያው በግዕዝ ይጸልያሉ።